ለቆላ ቤት የትኛው ይሻላል? እንስራ፣ ማሰሮ በማሰሮ ወይስ የጡብ ሳጥን

እህቴ ደብረ ብርሃን ነው የምትኖረው። «አትክልት ማቀዝቀዣ ሸክላ ልገዛ ነው» ስላት ሳቋ አላቆም አላት። አይፈረድባትም። ደብረ ብርሃን 2,800 ሜትር አካባቢ ላይ የተቀመጠች፣ በብርድ ልብስ ፋብሪካዋ የምትታወቅ ከተማ ናት። ኅዳር ላይ ውርጭ ሲመጣ ጎመኑን አቃጥሎት ያድራል። እዚያ ጓዳው ራሱ ፍሪጅ ነው።

እኔ ግን ያለሁት ሸዋ ሮቢት ነው። የጣርማ በርን ዋሻ አልፎ፣ ደብረ ሲናን ትቶ መኪናው ቁልቁል ሲወርድ መጀመሪያ ጋቢው ይወልቃል፣ ቀጥሎ ጃኬቱ። ታች ስትደርሱ ከፍታው 1,300 ሜትር ገደማ ነው። በአንድ ዞን ውስጥ 1,500 ሜትር ልዩነት። ስለዚህ ይህ ጽሑፍ ለሰሜን ሸዋ ሰው ሁሉ አይደለም። ለመንዝ፣ ለአንኮበር፣ ለጣርማ በር ሰው ገንዘቡን ለሌላ ነገር ቢያውለው ይሻለዋል። የተጻፈው ለሸዋ ሮቢት፣ ለጀውሃ፣ ለአጣዬ፣ ለጀማ ሸለቆ ቆላ ነው። ጠዋት የገዛው ቲማቲም ማታ ለሚለሰልስበት ሰው።

ዋጋ አልጽፍም። ዛሬ የጻፍኩት ዋጋ ለመጪው እሁድ የሰንበቴ ገበያ አይደርስም። የትኛው ከየትኛው እንደሚረክስ ግን እነግራችኋለሁ።

መጀመሪያ አየራችሁን ፈትኑ

ውሃ ሲተን ሙቀት ይዞ ይሄዳል። ላብ የሚያበርደን በዚሁ ነው። አንድ ሊትር ውሃ ተንኖ ሲያልቅ የሚወስደው ሙቀት 2,400 ኪሎ ጁል ገደማ ነው። በምድጃ ቋንቋ ስናወራው፣ ሰባት ሊትር ውሃ ከ20 ዲግሪ አንስቶ ለማፍላት የሚበቃ ሙቀት ማለት ነው። ቀላል አይደለም። ሸክላ ደግሞ ዓይን የማያየው ቀዳዳ አለው። ውሃው በዚያ በኩል ወደ ውጭ ይወጣል፣ ነፋስ ይወስደዋል፣ ውስጥ የቀረው ይቀዘቅዛል።

ወሰን ግን አለው። አየሩ ራሱ እርጥበት ከጠገበ ውሃውን የሚቀበለው የለም። አየሩ 35 ዲግሪ ሆኖ እርጥበቱ 20 በመቶ ከሆነ፣ ትነት ብቻውን እስከ 19 ዲግሪ አካባቢ ሊያወርድ ይችላል። በዚያው 35 ዲግሪ እርጥበቱ 60 በመቶ ከሆነ ግን ወደ 28 ዲግሪ ላይ ያበቃል። ያውም ይህ የመጨረሻው ጫፍ ነው። የቤት ማሰሮ ከዚያ ትንሽ ከፍ ብሎ ይቆማል። የአሜሪካው የኤምአይቲ ዩኒቨርሲቲ ዲ-ላብ የተባለው ክፍል እና የዓለም አትክልት ማዕከል ማሊ ውስጥ እነዚህን ማሰሮዎች ፈትሸው ያስቀመጡት መመዘኛም ከዚሁ ጋር ይሄዳል፦ የቀኑ ሙቀት ከ25 ዲግሪ በላይ፣ እርጥበቱ ከ40 በመቶ በታች፣ ቦታው ጥላና ነፋስ ያለው፣ ውሃም በቅርብ የሚገኝ።

እርጥበት መለኪያ ማን አለው? የትኩሳት መለኪያ ቴርሞሜትርም ለዚህ አይሆንም፤ ከ35 ዲግሪ በታች አያነብም። የእኔ ዘዴ ጨርቅ ነው። ከቀኑ 6 ሰዓት ላይ አንድ ቀጭን የጥጥ ጨርቅ አርጥቡና ጨምቁ፤ ነፋስ በሚያልፍበት ጥላ ላይ ስቀሉት። በአንድ ሰዓት ውስጥ ከደረቀ ሸክላው ይሠራላችኋል። እስከ 9 ሰዓት እርጥብ ከሆነ አትድከሙ። እኔ ጋ ጥር ላይ ወዲያው ይደርቃል። ግንቦትና ሰኔ ላይ፣ ሙቀቱ ሲብስ፣ እንዲያውም ይፈጥናል። ሐምሌና ነሐሴ ላይ ግን ተሰቅሎ ይውላል። ማሰሮው በክረምት ሥራ ፈት ነው።

እንስራ፦ ለሚጠጣ ውሃ

ፍላጎታችሁ ቀዝቃዛ ውሃ ብቻ ከሆነ ንጽጽሩን እዚህ ላይ አቁሙት። አንድ እንስራ ይበቃል። እናቶቻችን ያለ ምክንያት አልተሸከሙትም። ቢጫው ጄሪካን ቀሎ፣ አይሰበርም ተብሎ ቦታውን ወሰደው፤ ውሃው ግን ከሰዓት በኋላ የሻይ ያህል ነው።

እንስራ ውሃ አያጣራም። ይህን ደጋግሜ የምለው ሰው ስለሚሳሳት ነው። ንጹሕ ውሃ ካልገባበት ንጹሕ ውሃ አይወጣም። ደግሞ ቀዝቃዛ ውሃ ያለበት ቤት የጎረቤት ልጅ ሁሉ ጣሳውን ይዞ ይመጣል፣ ከነእጁ ይነክራል። ክዳን ይኑረው፤ እጀታው ረጅም የሆነ መቅጃም ይኑረው። ከሥሩ ቧንቧ የተገጠመለት ካገኛችሁ ደግሞ እሱ ከሁሉም ይበልጣል።

እንስራ መግዛት ለማይችል ወይም ለመንገደኛ፦ ጄሪካኑን በጥጥ ጨርቅ ወይም በቃጫ ጆንያ ጠቅልሉ፣ ጨርቁን አርጥቡ፣ ነፋስ ላይ አስቀምጡ። የወታደር ኮዳ ጨርቅ የሚለብሰው ለዚህም ጭምር ነው። የፕላስቲክ ማዳበሪያ ከረጢት ግን አይሆንም፤ ውሃ አይጠጣም።

ማሰሮ በማሰሮ፦ ለአትክልት

አንድ ትልቅ ማሰሮ ትወስዳላችሁ፣ ውስጡ ትንሽ ማሰሮ ታስቀምጣላችሁ፣ በመካከላቸው አሸዋ ትሞላላችሁ፣ አሸዋውን ታረጥባላችሁ። ጋን በጠጠር ይደገፋል ይባላል፤ ይሄኛው በአሸዋ ነው የሚደገፈው። ላዩን በእርጥብ ጨርቅ ትሸፍናላችሁ። አለቀ።

ሐሳቡ ጥንታዊ ነው። በዘመናችን በስፋት ያስተዋወቀው ግን መሐመድ ባህ አባ የተባለ ሰሜን ናይጄሪያዊ መምህር ነው። በ1990ዎቹ አጋማሽ፣ እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር፣ በአካባቢው ሸክላ ሠሪዎች እያሠራ አከፋፈለ፤ በ2000 የሰዓት ኩባንያው ሮሌክስ የሚሰጠውን ሽልማት አገኘ። በእሱ ሙከራ በሦስት ቀን ይበላሽ የነበረ ደበርጃን 27 ቀን ቆይቷል ተብሏል። ቲማቲምና ቃሪያም ሦስት ሳምንትና ከዚያ በላይ። ያ ግን የሰሃራ ጠርዝ ደረቅ አየር ነው። እኔ ሸዋ ሮቢት ላይ ሦስት ሳምንት አልጠብቅም። በበጋ ቲማቲም ከሳምንት በላይ ከቆየልኝ ደስ ብሎኝ እበላለሁ።

አሁን ስህተቴን ልንገራችሁ። የመጀመሪያዋን ማሰሮ የገዛሁት በመልኳ ነው። ጥቁር፣ ለስላሳ፣ እንደ መስታወት የምታበራ። አሸዋውን ሞላሁ፣ ጠዋት ማታ አጠጣሁ። በሦስተኛው ቀን ክዳኑን ስከፍት የሞቀ ሽታ ፊቴን መታኝ። ቲማቲሞቹ ላይ ነጭ ሻጋታ ወጥቶባቸዋል። የውጭውን ማሰሮ በመዳፌ ዳበስኩት። ደረቅ ነው። አሸዋው ጭቃ ሆኖ ሳለ ውጩ አንድ ጠብታ አላላበውም።

እቴቴ መጥታ አየችና በጥፍሯ ፋቅ ፋቅ አደረገችው። «ይሄማ የተሟሸ ነው» አለች። «ወጥ እንዳያንጠባጥብ ተደፍኖ አንቺ እንዲያንጠባጥብ ትጠብቂያለሽ?»

ነገሩ እዚህ ላይ ነው። ሸክላ ስንገዛ ዓይናችን የለመደው የወጥ ዕቃ ነው። ጥሩ ድስት ማለት የማያፈስ ድስት ነው። ስለዚህ ይለሰልሳል፣ በጭስ ይጠቁራል፣ ቅባት ይጠጣል፣ ይሟሻል። ለማቀዝቀዣ የምንፈልገው ተቃራኒውን ነው። ቀይ፣ ሻካራ፣ ያልተሟሸ። ለወጥ የማይረባው ለእኛ ይረባል።

በሚቀጥለው ገበያ ቀን ሸክላ ሠሪዋን ጠየቅኳት። «እትዬ፣ ውሃ የሚያልበው እፈልጋለሁ» ስላት ከኋላዋ ካለው ጭድ ውስጥ አንዱን አወጣች። «እንዲህ ያለውን ማንም አይፈልግብኝም፤ ለምንሽ ነው ልጄ?» አለችኝ። ነገርኳት። «እንግዲያው እንዳታሟሺው» አለች፤ በጣቷ አንኳኳችው፤ እንደ ደወል ጠራ። ድፍን ያለ ድምፅ ከሰጠ ስንጥቅ አለው ማለት ነው፤ አትግዙት። ሌላም ፈተና አለ። ምላሳችሁን ሳይሆን የረጠበ ጣታችሁን ውጩ ላይ አድርጉ። እርጥበቱን ወዲያው ከመጠጠው ቀዳዳው ክፍት ነው። በነገራችን ላይ እነዚህ ሴቶች ስንት ዘመን በሙያቸው ሲናቁ ኖረው እኛ ዛሬ ፊዚክሱን ከእነሱ እንማራለን።

አሠራሩ ላይ ጥቂት ነገር። የሁለቱ ማሰሮ ክፍተት ሁለት ሦስት ጣት ያህል ይሁን። አሸዋው ከወንዝ የመጣ ከሆነ አፈሩ እስኪወጣ እጠቡት፤ አፈር ቀዳዳ ይደፍናል። ማሰሮውን መሬት ላይ አታስቀምጡት። ሦስት ድንጋይ ወይም የብረት መቆሚያ ላይ ይሁን፤ ነፋስ ከሥሩም ይግባ። ጓዳ ውስጥ ከዘጋችሁበት የራሱ እርጥበት ያፍነዋል። እኔ ያስቀመጥኩት በረንዳ ላይ፣ ፀሐይ በማትደርስበት ጥግ ነው። ውሃ ጠዋትና ማታ። ግንቦት ላይ ቀትር ላይም እጨምራለሁ። ለአሸዋው የሚጠጣ ውሃ አያስፈልግም፤ አትክልት ያጠባችሁበት ይበቃል። የሳሙና ውሃ ግን ተዉት።

ከወራት በኋላ ውጩ ላይ ነጭ ነገር ይወጣል። ውሃው ይዞት የመጣው ጨው ነው፤ ማንቆርቆሪያ ውስጥ የሚጋገረው ዓይነት። እሱ ሲበዛ ቀዳዳው ይደፈናል። በሻካራ ብሩሽ ፈግፍጉት፣ ፀሐይ ላይ አድርቁት፣ እንደገና ይነሳል።

አንድ ማሰሮ በአሸዋ ሳህን

ሁለት ማሰሮ ለመግዛት ገንዘብ ካጠረ፣ ወይም አንዱ ውስጥ አንዱ አልገባ ካለ (ሸክላ በእጅ ነው የሚሠራው፣ ልክ አይገጥምም)፣ ይህን ሞክሩ። ሰፋ ያለ ሳህን ወይም ገበቴ ላይ አሸዋ ዘርጉ፣ አርጥቡት፣ አንዱን ማሰሮ እላዩ ላይ አስቀምጡ። ማሰሮው ከሥሩ ውሃ ይስባል። ሰውነቱን በእርጥብ ጨርቅ ብትጠቀልሉት ይበልጥ ይረዳዋል። ማሊ ውስጥ ከተፈተሹት መካከል ይህ ዓይነትም ነበረ። ማሰሮው ሙሉ ውስጡ ለአትክልት ስለሚሆን ቦታው ይሰፋል። ጀማሪ ከሆናችሁ እኔ የምመክረው ይህንን ነው፤ ካልሠራላችሁ የከሰራችሁት አንድ ማሰሮ ነው።

እዚህ ላይ ትልቁ ጥንቃቄ ትንኝ ነው። እኛ ያለነው ወባ አገር ነው። ሳህኑ ላይ ውሃ እንዳይተኛ። አሸዋው ይረጥብ፣ ውሃው ግን ከአሸዋው በላይ አይታይ።

የጡብ ሳጥን፦ ለነጋዴና ለገበሬ

ይህ የቤት ዕቃ አይደለም። በሁለት መቶ ሜትር ርቀት ላይ ቲማቲም በሣጥን ተቆልሎ መኪና ሲጠብቅ ለምታዩ ሰዎች ነው የምጽፈው። መኪናው ዛሬ ካልመጣ ነገ ዋጋው ግማሽ ነው።

ሕንዶች በ1980ዎቹ፣ ይህም በፈረንጆቹ ነው፣ ኒው ዴልሂ ባለው የግብርና ምርምር ተቋማቸው ይህን ፈጠሩ። ሁለት የጡብ ግድግዳ፣ በመካከሉ 7.5 ሳንቲሜትር ክፍተት፣ ክፍተቱ ውስጥ አሸዋ። ርዝመቱ 165፣ ወርዱ 115 ሳንቲሜትር፣ ከፍታው ከጉልበት ትንሽ ከፍ ይላል። መቶ ኪሎ ገደማ ይይዛል። ክዳኑ ከሸምበቆና ከሳር ይሠራል፣ በላዩ ላይ ዳስ ይጣልለታል። ጡቡና አሸዋው ጠዋት ማታ ይጠጣል። በሞቃት ደረቅ ወቅት ውስጡ ከውጭው ከ10 ዲግሪ በላይ ሊቀንስ ይችላል፤ እርጥበቱ ደግሞ 90 በመቶ አካባቢ ይቆያል።

ጡቡ ያልተለቀለቀ የሸክላ ጡብ ይሁን። ብሎኬት አይሆንም። ውስጡንም ውጩንም በሲሚንቶ ከለሰናችሁት ያው የእኔ ጥቁር ማሰሮ ሆነ።

ችግሩ ውሃ ነው። ማሰሮ በጣሳ ይጠጣል፣ ይሄ በባልዲ። ለሮቢ ወንዝ ወይም ለመስኖ ቦይ ቅርብ ለሆነ ሰው ምንም አይደለም። ውሃ በአህያ ለሚያስመጣ ግን ሂሳቡ አይወጣም። ደግሞም ለአንድ ሰው ይበዛል። ሦስት አራት ጎረቤት ገበሬዎች ዕቁብ እንደሚጥሉት አዋጥተው ቢሠሩት ነው የሚያዋጣው።

በከሰል የሚሠራም አለ። በእንጨት ማዕቀፍ ላይ ሁለት ድርብ የወንፊት ሽቦ ተወጥሮ መካከሉ በከሰል ይሞላል፣ ውሃ ይንጠባጠብበታል። ይሠራል፤ ከሰል ውሃ የመያዝ ችሎታው ጥሩ ነው። ግን ዛፍ አቃጥሎ ቲማቲም ማቀዝቀዝ አይዋጥልኝም። ከሰሉም ቢሆን ለቡና ማፍያ አልበቃንም።

ምን ይገባል፣ ምን አይገባም

ሰው የሚሳሳትበት እዚህ ነው፤ ማሰሮው ፍሪጅ ስለሚመስለው።

ቲማቲም፣ ቃሪያ፣ ካሮት፣ ጎመን፣ ሰላጣ፣ ሎሚ ይገባሉ። ጎመን በተለይ ልዩነቱ ያስገርማል፤ ውጭ በግማሽ ቀን የሚጠወልገው እዚያ ውስጥ ቀጥ ብሎ ያድራል። ማንጎና ፓፓያም ይገባሉ። እንዲያውም ለእነዚህ ማሰሮው ከፍሪጅ ይሻላል። ማንጎ ከ13 ዲግሪ በታች ሲሆን ብርድ ይመታዋል፣ ሳይበስል ይጠቁራል። ቲማቲምም ፍሪጅ ውስጥ ጣዕሙ ይሞታል። የበሰለ ማንጎና ጎመን ግን አንድ ማሰሮ ውስጥ አታድርጉ፤ ከማንጎው የሚወጣው ጋዝ ጎመኑን ቢጫ ያደርገዋል። ላዩ ላይ ጤዛ ካያችሁ በጨርቅ ጥረጉት፣ ሻጋታ የሚጀምረው ከዚያ ነው።

ሽንኩርት በፍጹም። የእኛ አገር ዋና ምርት ስለሆነ ሁሉም የሚጠይቀኝ ይህንን ነው። ሽንኩርትና ነጭ ሽንኩርት ደረቅ ቦታና ነፋስ ነው የሚፈልጉት፤ እርጥበት ካገኙ ይበቅላሉ፣ ይበሰብሳሉ። አልጋ በመሰለ ቆጥ ላይ ዘርጓቸው። በርበሬና እህልም እንደዚያው። እንጀራ ሞክሬ በማግስቱ አረንጓዴ ሆኖ ጠበቀኝ።

ሥጋና ወተት አይገቡም። ጀርም የሚራባው ከ5 እስከ 60 ዲግሪ ባለው መካከል ነው፤ ማሰሮው ደግሞ ምንጊዜም እዚያው መሐል ነው። ሥጋ ከተረፈ ቋንጣ አድርጉት። ማሰሮውን የሚያቀዘቅዘው ደረቅ አየር ቋንጣውንም ያደርቅላችኋል። ወተት አፍልታችሁ ጠጡ ወይም እርጎ ይሁን። ቅቤ ግን እንዳይቀልጥ ብቻ ከሆነ ችግር የለውም።

የስኳር በሽታ ያለበት ሰው ቤት ስለ ኢንሱሊን ይጠየቃል። ያልተከፈተው ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ይፈልጋል፤ ማሰሮ አይበቃውም። የተከፈተውን፣ አሁን በሥራ ላይ ያለውን፣ ፍሪጅ በሌለበት ከሙቀት ለመከላከል የሸክላ ማሰሮ በሌሎች ሞቃት አገሮች በጥናት ተፈትሾ ጠቅሟል። ውሃ በማያስገባ ነገር ታሽጎ ነው የሚቀመጠው። ይህን ግን መድኃኒቱን ከሚሰጣችሁ ባለሙያ ጋር ተነጋገሩ እንጂ ከእኔ አትውሰዱት። ክትባት ደግሞ ጭራሽ አይታሰብም።

እኔ ብሆን

ብቻውን ለሚኖር ተከራይ፦ እርጥብ ጨርቅ የለበሰ ጄሪካንና ጠዋት ጠዋት ትንሽ ትንሽ መግዛት። ልጆች ላለው ቤት፦ አንድ እንስራ ለውሃ፣ አንድ ማሰሮ በአሸዋ ሳህን ለአትክልት። ሁለቱም ከሠሩላችሁ በሁለተኛው ዓመት ማሰሮ በማሰሮ ጨምሩ። ጉልት ላይ ቲማቲምና ቃሪያ ለምትሸጥ ሴት፦ ከመጀመሪያው ትልቅ ማሰሮ በማሰሮ። ያደረውን ጥላ ከምትገባ ወጪዋን ቶሎ ትመልሳለች። ለመስኖ ገበሬ፦ የጡብ ሳጥን፣ በማኅበር። ፍሪጅ ያላችሁ ደግሞ ፍሪጁን ለሥጋና ለወተት ተዉት፣ አትክልቱን ወደ ማሰሮው አውጡ። መብራት በሄደ ቁጥር ፍሪጁ ይሞቃል፤ ማሰሮው ግን መብራት መሄዱን አያውቅም።

ሐምሌ ሲገባ አሸዋውን አወጣለሁ፣ ማሰሮዎቹን አጥቤ ባገኘሁት ፀሐይ አደርቃለሁ፣ አፋቸውን ደፍቼ ቆጥ ላይ እሰቅላቸዋለሁ። መስከረም ላይ ጨርቁን እንደገና በረንዳው ላይ እሰቅላለሁ። በአንድ ሰዓት ከደረቀ ይወርዳሉ። ጥቁሯ ግን አሁን እቴቴ ቤት ናት፤ ሽሮ ትሠራባታለች።